አበባ ስለተሰካበት የአያቴ ገንቦ

ለተከበሩ የሙዚየሙ የበላይ ጠባቂ
ለንደን

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለመስታወት ሳጥኖቻችሁም ጤና እየተመኘሁ፣ እኛም በሕንድ አገር በላክናው ከተማ አጠገብ በምትገኘው የሸክላ ሠሪዎች መንደራችን፣ ከአባቴ በቀር፣ ደኅና መሆናችንን በትሕትና አስታውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ለማመስገን ነው።

አንደኛ፣ የግዛታችሁ ታላቅነት በኤግዚቢሽን በታየበት ዓመት፣ አያቴን ቼዲ ፕራጃፓቲን ከጭቃው አንሥታችሁ ባሕር ካሻገራችሁት በኋላ ከሐር ጨርቁና ከሻይ ቅጠሉ መካከል በገመድ ከልላችሁ ስላስቀመጣችሁት ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሕዝባችሁ ሸክላ ሲሠራ ብቻ ሳይሆን ደም ሲያስልም እንዲያየው መፍቀዳችሁ፣ ለተመልካች የማትሰስቱ መሆናችሁን ያሳያል።

ሁለተኛ፣ እኛ ሙታናችንን በእሳት አቃጥለን የምንሸኝ ሆነን ሳለ፣ በብርዱ ሲሞት እሳት ነፍጋችሁ አፈር ስላለበሳችሁት አመሰግናለሁ። አብሮት የተጓዘው ጉርዲን የስንብቱን ገንቦ ሠርቶ ጎኑን በስቶት ነበር። እኛ ዘንድ የሟች ልጅ የተበሳውን ገንቦ ውኃ ሞልቶ በትከሻው ይሸከምና አስከሬኑን ይዞራል፤ ከዚያም ወደ ኋላ ሳያይ ይጥለዋል። ገንቦው ሲሰበር ሟቹ ይሄዳል። ጉርዲን በልጁ ፈንታ ሊጥለው ሲል ግን ሹሞቻችሁ የኤግዚቢሽኑ ንብረት ነው ብለው ከእጁ ወሰዱት። አገሩ ተመልሶ ይህን ለሴት አያቴ ሲነግራት፣ አባቴ ጡት ያልጣለ ሕፃን ነበር።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ከሁሉ ይበልጣል። እዚያው ለንደን አውቶቡስ የሚነዳው የአክስቴ ልጅ ሱክዴዎ ሙዚየማችሁን ሊጎበኝ ገብቶ ያንን ገንቦ በመስታወት ሳጥን ውስጥ አግኝቶት ኖሮ፣ ስልክ ደውሎ «ኧረ ወንድሜ፣ ቀዳዳውን ደፍነውታል! የአበባ ማስቀመጫ ብለው ጽፈው፣ ደረቅ አበባ ሰክተውበታል!» ሲል ጮኸብኝ። ገንቦውን መልሳችሁልን እንድንሰብረው ብለምንዎ፣ ቅርስ ለማጥፋት መጠየቄ እንዳሳዘንዎ ጽፈው መለሱልኝ። ስላሳዘንኩዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እኛ ሐዘን የተቀመጥነው ከእርስዎ ቀደም ብለን በመሆኑ ለመድነው።

አባቴ ዛሬ ከአልጋው አይነሣም። ዘወትር «ልጄ፣ አባቴ እኮ በር ላይ ቆሞ ቀረ። ግባም የሚለው የለ፣ ሂድም የሚለው የለ። እኔስ ስሞት ምን ብዬ ነው ፊቱ የምቀርበው?» ይለኛል። እኔ ተናድጃለሁ፤ እሱ ግን ፈርቷል። ቀዳዳ በመድፈን ከተካኑት ባለሙያዎቻችሁ መካከል ለዚህ መልስ ያለው ቢኖር፣ ቶሎ እንዲጽፍልን እለምናለሁ።

ገመዳችሁ እንዳይላላ፣ መስታወታችሁንም አቧራ እንዳይነካው እየተመኘሁ፣ ከንብረታችሁ መዝገብ በስሕተት የተዘለልኩት የቼዲ የልጅ ልጅ፣

ዳያናንድ ፕራጃፓቲ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሱክዴዎ ከሱቃችሁ የገንቦውን አምሳያ ገዝቶ ልኮልን ነበር። በስተን ውኃ ሞላነው፤ አባቴንም ግራና ቀኝ ደግፈን አቆምነው። ከትከሻው ጣለውና እንደ ደንቡ ወደ ኋላ አላየም። ስንበሳው ፕላስቲክ መሆኑን ብናውቅም ይሰነጠቃል ብለን ነበር፤ ነጥሮ እግራችን ሥር ተመለሰ። ዕቃችሁ አንዳች ጭረት እንዳላገኘው ሳበስርዎ ደስ ይለኛል። አባቴ «ተሰበረ?» ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም በአንድ አፍ «ተሰበረ» አልነው። ዕድሜውን ሙሉ ሸክላ ሲሠራ የኖረ ሰው ነውና የሚሰበር ሸክላን ድምፅ ያውቀዋል፤ ቀና ብሎ አላየንም።