ለአንድ ሻይ ሲባል

ፊንባር፣

የቤቱን ዋና ብሬከር ያወረድኩት እኔ ነኝ። እንዳትነካው። በሁለቱም ጫፉ ስፒና የገጠምክበትን ገመድ ይዤው ሄጃለሁ፤ አትፈልገው።

ቤታችን ላይ ሶላሩን ስናስገባ ለምኜህ ነበር። ባትሪ፣ እንዲሁም ቤቱን ከመንገዱ መስመር የሚለይ ማጥፊያ አብሮ ይግባ ብዬ። "አንተ ደግሞ! እዚህ ኬሪ ውስጥ መብራት የሚጠፋው መቼ ነው?" ብለህ ሳቅክብኝ። ይኸው አውሎ ነፋሱ መጣ፣ መብራት ጠፋ፣ ሶላሩም አብሮ ቆመ። የሚቆመው እኮ ወደ መስመሩ ኤሌክትሪክ እንዳይልክ፣ ምሰሶ ላይ የምንወጣው ሰዎች እንዳንሞት ነው!

አንተ ግን ብልጥ ነህ። ጄኔሬተሩን በዚያ ገመድ ኩሽና ሶኬት ላይ ሰክተህ፣ መብራት የመጣ አስመስለህ ሶላሩን ቀሰቀስከው። ሻይህን አፈላህ።

ኤሌክትሪኩ ግን ኩሽና ውስጥ አልቀረም። በመስመሩ ወጥቶ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ሎርካን የምንጠግነው ምሰሶ ድረስ መጣ። ሎርካን ምሰሶው ላይ ወጥቶ ነበር። እኛ መስመሩ ተቋርጧል ቢሉንም ሳንለካ አንነካም፤ ያተረፈው ይሄ ብቻ ነው። መለኪያው ሲጮህ እጁ ሽቦው አጠገብ ነበር።

ወርዶ "የየትኛው ደደብ ቤት ነው?" አለኝ።

"የኔ" አልኩት። ያንተን ስም መጥራት አቃተኝ።

እህቴ ቤት ነኝ፤ አትደውል። ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ቤከን ሳይበላሽ ብላው።

ሎርካን ማታ ከነሚስቱ ይመጣል። ስምህን ራስህ ንገራቸው።

ሻይ እንዳታቀርብላቸው።

ካሃል