ውኃው ወንበሩን ጠጣ፦ የአቶ አካለ ወልድ መሳፍንት የሕይወት ታሪክ

የካቲት 5 ቀን 2015 ዓ.ም. እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ በአማኑኤል ከተማ በሰንበቴው ቤት የተገኙት የሰንበቴው መሪ፣ ሙሴው አቶ አማረ፣ ዛሬ የምንሸኛቸው አቶ አካለ ወልድ፣ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሥራነሽ፣ የእኅታቸው ልጅ ውበቱ እና ሌሎች አሥራ ሁለት ማኅበርተኞች ነበሩ።

አቶ አካለ ወልድ ከአባታቸው ከአቶ መሳፍንት ተገኘ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሻረግ አድማሱ በ1949 ዓ.ም. በቁይ አካባቢ ተወለዱ። ንባብና ዜማ ተምረው ቅኔ ቤት ገቡ፤ አባታቸው ሲሞቱ ግን መምህርነቱን ሳያስመሰክሩ ወደ እርሻ ተመለሱ። በ1972 ዓ.ም. አማኑኤል መጥተው በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ መጻፍ ጀመሩ። በአንድ ጠረጴዛና በአንድ ወንበር አርባ ሦስት ዓመት የሰው አቤቱታ ጻፉ። ውበቱ ከስምንተኛ ክፍል ሲያቋርጥ አጠገባቸው አስቀምጠው ፊደሉን አረሙለት። «ሥራን በእሳቱ ሰ የጻፈ ሥራውን ያቃጥላል» ይሉት ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ወይዘሮ ሽታዬን አግብተው በ1977 ዓ.ም. ልጃቸውን የኔአለምን ወለዱ። ወይዘሮ ሽታዬ በ2004 ዓ.ም. ዐረፉ። የኔአለም በትዳር ባሕር ዳር ስለምትኖር፣ ከዚያ በኋላ አቶ አካለ ወልድ ብቻቸውን ኖሩ። ማታ የሚበሉት ብዙ ጊዜ ዳቦ በሚጥሚጣና በጨው ነበር። በራቸውን የሚያንኳኳው ማመልከቻ የፈለገ ሰው ብቻ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ደም ግፊት እንዳለባቸው በጤና ጣቢያ ተነገራቸው። መድኃኒቱን አራት ወር ወስደው፣ ምንም ስላላመማቸው ተዉት። «የተገፉ ሰዎችን አቤቱታ ስጽፍ ኖሬ፣ አሁን የገዛ ደሜ ገፋኝ። ለማን አቤት እላለሁ?» ሲሉ ሁላችንም ሳቅን። መድኃኒቱን ለምን ተዉ ብሎ የጠየቃቸው የለም።

የካቲት 3 ቀን ዓርብ ሲጽፉ ብዕሩ ከቀኝ እጃቸው ወደቀ፤ መስመሩም ወደ ታች ተንሸራተተ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እጃቸው ተመለሰላቸው። «ደንዝዞ ነው» አሉ።

በሰንበቴው እንደ ልማዳቸው ከምርቃት በፊት አንድ የቅኔ ቃል ሊናገሩ ተነሡ። ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። ምላሳቸው እየተሳሰረ፣ «ውኃው... ወንበሩን ጠጣ» አሉ። ቤቱ በእልልታ ተሞላ። አቶ አማረ «እሰይ! ይህቺ ወርቅ አላት! ወንበር ሥልጣን ነው፣ ውኃ ሕዝብ ነው» ብለው ፈቱት። ወይዘሮ ሥራነሽ ደግሞ «ኧረ ወንበሩ የራሳቸው ነው፤ ውኃው እንባ ነው» አሉ። ሌላውም የራሱን ጨመረ። እርሳቸው ተቀምጠው እንደገና ሊናገሩ ሞከሩ፤ ሰው «አከበዱት፣ ጋሼ!» እያለ ሳቀ። የያዙት ጠላ ጉልበታቸው ላይ ይፈስ ነበር። የአፋቸው ቀኝ ጎን ወርዶ ነበር። ውበቱ ይህን አይቷል። ታላላቆች ሲናገሩ ለማቋረጥ አፍሮ ዝም አለ። ይህን የሚጽፈውም እርሱ ነው።

ከወንበራቸው ተንሸራተው ሲወድቁ አራት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። በሚኒባስ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል አደረስናቸው። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው «ስንት ሰዓት ጀመራቸው?» ብሎ ነው። የሚያውቀው ውበቱ ብቻ ነበር። ሐኪሙ ስትሮክ መሆኑን፣ በእያንዳንዱ ደቂቃ አንጎል እንደሚጎዳ ነገረን።

ያ ቃል ቅኔ አልነበረም። ሰሙም ወርቁም አንድ ነበር፤ ታምሜአለሁ ማለታቸው ነበር።

ስለዚህ ልጃቸው የኔአለም ይህ በቀብራቸው ላይ እንዲነበብ አዝዛለች። የሰው ፊት በአንድ ጎን ከወረደ፣ አንድ እጁ አልነሣ ካለ፣ ንግግሩ ከተጣመመ፣ ትርጉም አትፈልጉለት፤ ሰዓቱን ያዙና ወዲያው ሆስፒታል አድርሱት። ቢሻለውም እንኳ አትተዉት፤ የዓርቡ ሕመም ማስጠንቀቂያ ነበር። ደም ግፊታችሁን ተለኩ። ሐኪም ሳያዝ መድኃኒት አታቋርጡ። ጨው ቀንሱ። ብቻውን የሚኖር ሰው ካለ ግቡና ፊቱን እዩት።

አቶ አካለ ወልድ ለአምስት ቀን ሳይናገሩ ቆይተው የካቲት 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ዓርብ ንጋት ላይ፣ በስልሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። ልጃቸው የኔአለም፣ አንድ የልጅ ልጅ፣ እኅታቸውና ውበቱ ቀርተዋል። የሰውን አቤቱታ ሲያደርሱ ለኖሩት፣ የእርሳቸውን ጻድቁ ዳኛ ይቀበልላቸው፤ ነፍሳቸውንም ከአብርሃም አጠገብ ያሳርፍ።

አቶ አማረ፣ አቶ አካለ ወልድ ከማረፋቸው አንድ ቀን በፊት፣ ሐሙስ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄደው ተለኩ። ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። መድኃኒት ጀምረዋል።