አላጥር ያለው ሱሪ

ጥቅምት 3
ዛሬም ከስፌት ሱቃችን በቀጥታ ወደ ጃቫ የኮምፒውተር ፕሮግራም ክፍል። ጸጉሬ ላይ ክር ተሰክቶ ኖሯል፤ ማንም አልነገረኝም። ስለ ሜተድ ጀመርን። "ስም የተሰጠው ትንሽ ሥራ ነው፤ በስሙ ስትጠሩት ይሠራል" አለ አስተማሪው። ቅንፉ ውስጥ የሚቀበለው ነገር ፓራሜትር ይባላል። "ይሄማ ቀላል ነው" አልኩ። ምነው አፌን በቆረጠው!

ጥቅምት 5
"አሳጥር" የሚል ሜተድ ጻፍኩ። የሱሪ ርዝመት ይቀበላል፣ አራት ይቀንሳል። 104 ሰጠሁት። ከዚያ ርዝመቱን አሳየኝ ብለው... 104! ደገምኩት። 104! ምን ዓይነት ጣጣ ነው? እኔ ሱሪ ሲሰጡኝ ያንኑ ሱሪ አሳጥሬ ነው የማስረክበው። ይሄ ጉድ ሠራሁ ይላል፣ ሱሪው እንዳለ አለ።

ጥቅምት 6
አልገባኝም። አልገባኝም።

ጥቅምት 8
አስተማሪውን ጠየቅኩት። "የሰጠሽው እኮ የቁጥሩን ቅጂ ነው። እሱ ቅጂውን አሳጠረ፣ ያንቺ አልተነካም። ውጤቱን ከፈለግሽ ሪተርን ያድርግልሽ፣ ማለት መልሶ ይስጥሽ።" ታዲያ ይሄን ከመጀመሪያው ቢሉን ምን ነበረበት?
አርብ ፈተና ነው። የወደቀ ወደ ሁለተኛው ደረጃ አያልፍም። ወገቤ ደግሞ ስፌት መኪና ላይ መጎበጥ በቃው፤ ሐኪሙ ሌላ ሥራ ፈልጊ ብሎ ቁርጡን ነግሮኛል። እህቴ ሱቁን ብቻዋን ይዛ "ገባሽ ወይ?" ትለኛለች ማታ ማታ። "ገብቶኛል" እላለሁ። ውሸቴን።

ጥቅምት 10
ሪተርን ጨመርኩ። አሁንም 104!! ኮምፒውተሩን በመስኮት ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። አጠገቤ የምትቀመጠው የባንክ ሠራተኛ አይታ ሳቀች። "መቶውን ሰጥቶሻል እኮ፤ አንቺ አልተቀበልሽውም። የት አስቀመጥሽው?"
የትም። ሜተዱን ጠርቼ ዝም። ከጥሪው ፊት "ርዝመት" እና የእኩል ምልክት ጻፍኩ... 100። ወይ እኔ! ለዚህች ነው እንዲህ ደሜ የፈላው?

ጥቅምት 13
ተፈተንኩ። ምን እንደጻፍኩ እንጃ...

ጥቅምት 15
አለፍኩ! ለጥቂት፣ ግን አለፍኩ። እየሮጥኩ ሱቅ ገባሁ። እህቴ ዚፕ እየቀየረች ነበር። ነገርኳት።
"እሰይ" አለች፣ ቀና ሳትል። ቆየት ብላ፦ "እኔ እኮ እንድትወድቂ ስጸልይ ነበር።"
ክው አልኩ። እንዴት እንዲህ ትይኛለሽ ብዬ ጮህኩባት። ወገቤን እያወቀች! እሷም አለቀሰች። "ብቻዬን ከበደኝ፣ ዓለሜ።"
"ሠራተኛ ቅጠሪያ!"
"ሠራተኛማ ሞልቷል፤ እህት ግን አይቀጠርም" አለች።