ከሲዶኒ የሸሸግሁት ደረት

ልጄ ሲዶኒ፣ እግዚአብሔር የሰው ፊት አያሳይሽ፤ የነካሽው ሁሉ ይባረክልሽ። እኛ እዚህ ባፉሳም ከተማ ደህና ነን። የአቮካዶውን ዛፍ ነፋስ ገነጠለው። አክስትሽ በርናዴት ጉልበቷን ቢያማትም ሳቋን አልተወችም።

ስለ ጡትሽ ቅርጽ ማስተካከል ካለሽበት ከሊዮን ከተማ የላክሽውን የሐኪም ወረቀት «የዘመዴ ልጅ ናት» ብዬ ዋሽቼ የጤና ጣቢያችንን ነርስ አስነበብኳት። ከሥር የጠበቀውን ሥጋ ፈተው ሲሊኮን ያስገባሉ፣ ወይም ከሆድሽ ስብ ወስደው ይሞላሉ አለችኝ። አንዳንዴም መጀመሪያ እንደ ፊኛ የሚነፋ ነገር ከተው ቆዳውን ይለጥጡና ከወራት በኋላ ደግመው ይከፍታሉ። ሁለቴ ቢላ ሊያርፍብሽ ነው ብዬ ወረቀቱን ደግማ እንድታነብልኝ ለመንኳት።

«እንደ እኔ ሆኖ የተፈጠረ ሰው የለም» ብለሽ ጽፈሻል። አለ፣ ልጄ። እኔ አለሁ። የእኔም ጡት እንደ ያንቺው ጠባብና ረጅም ነው፤ አንዱም ከሌላው ያንሳል። አንቺን ወልጄ አራስ ሳለሁ አያትሽ በወጉ መሠረት በሙቅ ውሃ ልታጥበኝ ገብታ አየችው። ወተት እንዲወርድ ያንን ንኩዊ የሚባለውን የሚያሟልጭ የአራስ ሾርባ ጠዋት ማታ አጠጣችኝ፤ ጠብ አላለም። «ይሄ ጡት ነው ወይስ የፍየል ቀንድ?» አለችኝ። ያጠባችሽ በርናዴት ናት። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ወንዝ ወርደው አብረው ሲታጠቡ እኔ በር ዘግቼ ነው የምታጠበው፤ ከአንቺም ጭምር ተደብቄ። ከሐፍረት ያዳንኩሽ መስሎኝ ብቻሽን ተውኩሽ።

የፈለግሽውን ምረጪ፤ ብቻ የወተቱን መንገድ እንዳይቆርጡብሽ ጠይቂ። እጃቸውን ይባርክልሽ፤ በሰላም ተኝተሽ በሰላም ተነሺ። ሐኪሙ ካልተቆጣ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ ለስልሳ ሁለት ዓመት ሴትም ይሠራል?

እናትሽ ኦርታንስ