የእማዬ መነጽር አልጠፋም

ውድ ወንድሜ ራንዳል፣

ፈጣሪ ከኮሪያ ብርድ ይጠብቅህ፣ የአዛዦችህንም ልብ ያራራልህ ብላለች እማዬ። እኔ ታናሽ እህትህና የቤቱ ጸሐፊ ትዋይላ ደግሞ አንድ ከባድ ኃጢአት እናዘዛለሁ፦ ከዚህ በታች ያለውን እሷ አላለችም።

«ፋብሪካው ደህና ነው በይው» ብላኝ ባቄላዋን ልታማስል ሄደች። የካልሲ ፋብሪካው ሥራውን ወደ ሆንዱራስ አዙሮ እሷን ካሰናበተ ሁለት ወሩ ነው። ሥራቸው ውጭ አገር የሄደባቸውን መንግሥት በነፃ ያስተምራል፣ እስኪጨርሱም ይደጉማቸዋል። ጎረቤታችን ሎሬታ እንኳ በስልሳ ዓመቷ የነርስ ረዳትነት ትማራለች፤ ያቺ መርፌ ስታይ ራሷን የምትስተው። እማዬ ግን «መነጽሬ ጠፋ» ብላ የትምህርቱን መመዝገቢያ ቅጽ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ምዝገባው በወሩ መጨረሻ ያበቃል።

«ግንባርሽ ላይ እኮ ነው» አልኳት እየሳቅኩ።

አልሳቀችም። ፊቷ እስከ አንገቷ ቀላ። «ሃያ ስድስት ዓመት የካልሲ ጫፍ ስሰፋ አንብቢ ያለኝ የለም» አለች። «ራንዳል እንዳይሰማ።»

ደብዳቤዎችህን የምታስነብበኝ ድምፄ ስለሚጥማት ይመስለኝ ነበር። በመነጽሯ ስንት ቀን እንደቀለድኩ ሳስብ የምገባበት ጠፋኝ።

በዚያ በነፃው ትምህርት ንባብም ከሥሩ ያስተምራሉ። እባክህ ቶሎ ደውልላት፤ እንደማታፍርባት ከአንተ ትስማ። የሚቀጥለውን ደብዳቤህንም ራሷ እንድትሞክረው በትልልቅ ፊደል ጻፈው።

እግዚአብሔር በሰላም ይመልስህ፣ እኔንም ዛሬ ያውጣኝ፤ ከኋላዬ ቆማለች።

«‹ፋብሪካው ደህና ነው› ለማለት ይሄ ሁሉ መስመር ነው፣ ትዋይላ?»