ባልና ሚስት ሳይነጋገሩ ስላጣሩት ዳሰሳ፣ ለክቡር ሰብሳቢው

ለተከበሩ የዶክትሬት ጥናቶች ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም ለቀኝ እጅዎ ጤና ከልብ የመነጨ ምኞቴን አቀርባለሁ። እጅዎን ለይቼ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጸሐፊዎ በጠየቅኋት ቁጥር «ገና አልፈረሙም» ስለምትለኝ፣ እርስዎን ግን በመተላለፊያው ላይ ደኅና ሆነው ሲራመዱ ስለማይዎ፣ ሕመሙ ከክንድ በታች ይሆን ብዬ ሠግቼ ነው።

ብዙ ተማሪ አለብዎትና ባያስታውሱኝ አልቀየምም። በሆስፒታል ተመላላሽ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ የኖርኩ፣ አሁን ደግሞ ታካሚዎች ወረፋ ሲረዝምባቸው ለምን ሳይታከሙ ጥለው እንደሚሄዱ የማጠና ሴት ነኝ። ኮሚቴዎ የመመረቂያ ጽሑፌ የመጀመሪያ ምዕራፍ ስልታዊ ዳሰሳ እንዲሆን አዘዘ፤ ይኸውም በዚህ በአንዱ ጥያቄ ላይ የተጻፈውን ጥናት ሁሉ ከያለበት መሰብሰብ፣ ከዚያም አስቀድሞ በተጻፈ መስፈርት ሁሉንም በአንድ ወንፊት ማጣራት ነው። ትእዛዙ መልካም ነበር፤ ይህን ስል አላሽሟጥጥም። ነገር ግን ምዕራፉ ላይ ፊርማዎ ካላረፈ፣ በዚህ ወር መጨረሻ ምዝገባው ሲዘጋ ስሜ ከተማሪዎች መዝገብ ይሰረዛል፤ ዓመታት የለፋሁበት ዶክትሬትም ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ምስጋናዬን እንደ ደንባችሁ በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ ስለ ሁለተኛው አጣሪ አመሰግናለሁ። ደንቡ እያንዳንዱን ጥናት ሁለት ሰዎች፣ አንዱ የሌላውን ውሳኔ ሳያውቅ፣ «ይግባ» ወይም «ይውጣ» እንዲሉ ያዛል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ጥርጣሬያችሁን አከብራለሁ። ደንቡ ያልተናገረው ሁለተኛው ሰው ከየት እንደሚመጣ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ በሺህ የሚቆጠሩትን ርእሶች ሲያዩ አንዷን ወገቧን አመማት፣ የሌላው መነጽር ጠፋ፣ ሦስተኛዋ ስልኳን ማንሣት ተወች። ዕዳው ዞሮ ዞሮ ሊሸሽ በማይችለው ሰው ላይ ወደቀ፤ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር በሆነው ባለቤቴ ላይ ማለቴ ነው። ኮሚቴውም ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ የሚለውን አስቦ ኖሮ፣ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ስለ ጥናቶቹ አንዲት ቃል እንዳንለዋወጥ የሚል ማሳሰቢያ፣ ማኅተም አድርጎበት ላከልን።

ክቡር ሆይ፣ ቃላችሁን ጠበቅን። እሱ ሳሎን፣ እኔ መኝታ ቤት፣ በሩ ተዘግቶ፤ አንዳችን በሌላው በኩል ስናልፍ ኮምፒውተሩ ፊቱን ያዞራል፤ ራት ላይም በሁለታችን ጭንቅላት ውስጥ ከጥናት በቀር ሌላ ስላልነበረ የምናወራው ጠፋን። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ይህን ሁሉ ሲከታተሉ ሰነበቱና የልጃቸው ቤት ሊፈርስ ነው ብለው ደመደሙ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የባለቤቴን አጎትና ጎረቤታችንን ጡረተኛውን ዳኛ ይዘው መጥተው ሳሎኑን ሞሉት። እኛ ባስረዳን ቁጥር ነገሩ ባሰበት። ዳኛው በስንት ነገር እንዳልተስማማን ሲጠይቁ፣ ባለቤቴ የሒሳብ ሰው ነውና፣ የሁለታችንን ውሳኔ የሚያወዳድረው ፕሮግራም ያሳየውን ድምር ይዞ፣ በሁለት መቶ አሥራ ሦስት ብሎ እቅጩን ነገራቸው። አጎትየው ጭንቅላታቸውን ያዙ፤ አማቴ አንገቴን አቅፈው አለቀሱ። ዳኛው ኋላ ላይ ነገሩ ሲገባቸው ከት ብለው ስቀው፣ እሳቸው ሰው እንጂ ወረቀት አስታርቀው እንደማያውቁ ገልጸው ተነሡ። አማቴ ግን እስከ ዛሬ ልባቸው አላመነም፤ ለብቻችን ስንሆን እጄን ይዘው እውነቱን ንገሪኝ ይሉኛል። ትዳሬን ያለ ክፍያ ስለ ፈተሻችሁልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፦ ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። ምዕራፉን ስናስረክብ ፍለጋው ትኩስ ነበር። ጠረጴዛዎ ላይ ከርሞ ሲመለስልኝ በዳርቻው ላይ አንድ መስመር ሰፍሮበታል፤ ፍለጋው ከተደረገ ዓመት ስላለፈው ይታደስ ይላል። ዓመቱ የት ቁጭ ብሎ እንዳለፈ ግን አልተገለጸም። እኛም እንደገና ፈለግን፣ እንደገና በሩን ዘጋን፣ አማቴም እንደገና ወደ አጎትየው ለመደወል ስልክ አነሡ።

ሦስተኛ፦ ከሁሉ አብልጬ ስለ ትሕትናዎ አመሰግናለሁ። በመጨረሻ ቢሮዎ አስጠርተው ምዕራፉ ጥሩ እንደ ሆነ ነገሩኝ፤ ከዚያም በመስኮቱ ወደ ውጭ እየተመለከቱ፣ «አንድ ትልቅ ሥራ ግን ጎድሎታል፤ አስቢበት» አሉኝ። የማን ሥራ እንደ ሆነ ለመናገር ልብዎ አልደፈረም። ስወጣ ጸሐፊዎን ብጠይቃት፣ በሩ መዘጋቱን አረጋግጣ በአገጯ ወደ ግድግዳው ጠቆመችኝ። እዚያ ላይ፣ በመስታወት ፍሬም ውስጥ፣ ስለ ወረፋ የጻፉት ጥናት ተሰቅሏል።

ክቡር ሆይ፣ አልዘለልነውም። ገና በመጀመሪያው ሳምንት አግኝተነዋል። እኔና ባለቤቴ በየክፍላችን ሆነን፣ ቃል ሳንለዋወጥ፣ ያለ አንዳች ክርክር ከተስማማንባቸው አንዱ እሱ ነው፤ ሁለታችንም ይውጣ ብለናል። ምክንያቱ ስንት ሰው እንደ ጠየቀ የማይገልጽ ጥናት እንዳይካተት የሚያዘው አራተኛው መስፈርት ነው። መስፈርቱን እኔ አላመጣሁትም፤ እርስዎ ራስዎ በመጀመሪያው ረቂቄ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጨምረው ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሥምረውበታል። ጥናትዎ አንድ ቦታ «በርካታ ታካሚዎች» ይላል፣ ሌላ ቦታ «አብዛኞቹ» ይላል፣ ሠንጠረዡም መቶኛ በመቶኛ ነው፤ ከስንቱ እንደ ሆነ ግን የለም። እውነቴን ነው፣ ቁጥሩ እንዲገኝ የእኔን ያህል የተመኘ ሰው አይኖርም፤ የግርጌ ማስታወሻውን ሳይቀር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ባለቤቴም ከመቶኛዎቹ ተነሥቶ ወደ ኋላ ሊያሰላው ሞክሮ፣ አንድ ቦታ ላይ ሲሶ ታካሚ ተርፎት ተወው።

አማቴ ነገሩን ሲሰሙ እንደ እናት መከሩኝ፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ አንዲት ወረቀት ብትጨምሪ ምን ትጎጂያለሽ?» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ አልዋሽም፣ ፈርቻለሁ፤ ዶክትሬቱን እፈልገዋለሁ፣ በጣም እፈልገዋለሁ። ግን የእርስዎን ካስገባሁ በዚያው በአራተኛው መስፈርት የወጡትን ሌሎች ጥናቶች ምን ልበላቸው? አጥኚዎቻቸው የሚከለክሉት ፊርማ ስለሌላቸው ውጭ ይደሩ? ደግሞም ጥናቱ የሚጠናው በተመላላሽ ክፍሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ጠብቀው ጠብቀው፣ ካርዳቸውን በእጃቸው እንደያዙ ወደ ቤታቸው ለሚመለሱት ሰዎች ነው። እነዚያን ሰዎች በዓይኔ አይቻቸዋለሁ፤ በርካታ ተብለው ሲታለፉ ያናድደኛል።

ስለዚህ የታደሰውን ምዕራፍ ዛሬ ጠዋት ያለ ጥናትዎ ለጸሐፊዎ አስረክቤያለሁ። የወጡት ጥናቶች በሙሉ ከነምክንያታቸው በአባሪው ተዘርዝረዋል፤ ይህም የእናንተው ደንብ ነው። ቢፈርሙልኝ በደስታ እቀበላለሁ። ባይፈርሙልኝ ወደ ተመላላሽ ክፍሌ እመለሳለሁ፤ ምዕራፉ ግን አይነካም።

በቢሮዎ ደጃፍ ያለውን ወንበር በመቀመጥ ያለዘብኩ፣ ውለታዎን በምን እንደምመልስ ሳስብ እንቅልፍ ያጣሁ፣ ቢያንስ እስከዚህ ወር መጨረሻ ድረስ ተማሪዎ የሆንኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
አመልካች ነርስ

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ፤ አሁን መነጋገር ስለ ተፈቀደልን
ለጡረተኛው ዳኛ፤ ለማንኛውም

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለአማቴ ሳነብላቸው፣ ጥናትዎ የተሠራበትን ሆስፒታልና ዓመቱን ሲሰሙ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። በዚያው ዓመት ጉልበታቸውን ታመው እዚያው ወረፋ ይዘው እንደ ነበር፣ ሲመሽባቸው ሳይታከሙ እንደ ተመለሱ፣ የጠየቃቸው ሰው ግን እንዳልነበረ ነገሩኝ። አሁንም ቢሆን ለመጠየቅ ፈቃደኛ ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ከቤት አይወጡም። እንግዲህ ቁጥሩ ጠፍቶብዎት ከሆነ፣ እሳቸውን አንድ ብለው ይጀምሩ።