ከዝርዝሩ የቀረው አራተኛ መስመር

ታናሽ ወንድሜ፣

አሰላሙ አለይኩም። ሐዋሳ እንዴት ተቀበለችህ? ሳልህስ ተሻለህ? እኔ አልሐምዱሊላህ ጤነኛ ነኝ፤ መጋዘኑም ክፍት ነው። ስልክህን ስለዘጋህ ይህን በሚኒባስ ሹፌሩ በኢስሀቅ እጅ ልኬልሃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብበው።

«ኮዱን ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ስህተት የለበትም። ግን ጥፋቱ የኔ ይሁን» ብለኸኝ ሄድክ። እኔም ሸኘሁህ።

ለእኛ ለአራት የእህል በረንዳ ነጋዴዎች ድረ ገጹን ስትሠራ መጀመሪያ ሠራተኛው የጤፉን ሁኔታ እንደፈለገ ይጽፍ ነበር። የጎረቤት መጋዘኗ ጠሂራ «ተሸጠ» ስትል የኔው ሠራተኛ በሪሁን «ሄዷል» ይላል፤ ገጹም ለየብቻ ይቆጥራቸዋል። ከዚያ አንተ በፒኤችፒ ኢነም የሚሉትን ዝግ የቃላት ዝርዝር አደረግከው፦ «ያለ»፣ «የተከፈለበት»፣ «የወጣ»። ከሦስቱ ውጭ አንድም ቃል አይቀበልም።

ያን ማክሰኞ በሪሁን፣ የአባታችን የድሮ ደንበኛ ጋሼ ሙህዲን «ያዢልኝ» ያሉኝን ሃያ ኩንታል ማኛ ጤፍ ሊመዘግብ ተቀመጠ። እኛ ዘንድ «ይዤልዎታለሁ» ከተባለ ቀብድ የለ፣ ወረቀት የለ፤ ጤፉ የሰውየው ነው። በሪሁን ስማቸውን ቢጽፍ ገጹ በቀይ መለሰበት። «እትዬ፣ ይሄ ኮምፒውተር ጋሼ ሙህዲንን አያውቃቸውም!» ብሎ ሳቀ። «ያለ» በለው አልኩት። ረቡዕ የዚያኑ ጤፍ ዋጋ በገጹ ላይ ከፍ አደረግኩ። ሐሙስ ጠዋት አንድ የሰበታ ደንበኛ በድረ ገጹ ከፍሎ ጭኖት ሄደ።

ቀትር ላይ ጋሼ ሙህዲን አይሱዙ ይዘው መጡ። ቦታው ባዶ ነው። አንዱ ወዛደር «ጋሼ፣ አየር እንጫን እንዴ?» አላቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። «አባትሽ ቃሉን አጥፎብኝ አያውቅም» አሉኝ። እኔም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ሲስተሙ ነው የሸጠው» አልኩ። ወሬው ከኔ ቀድሞ ሶማሌ ተራ ደረሰ። በማግስቱ ድረ ገጹ ይዘጋ ተባለ፤ ሥራ ሊሰጡህ የነበሩትም ሁሉ ተዉህ።

አሁን ልናገር። ሥራውን ስትጀምር መጥተህ «በቃል ብቻ የሚያዝ እህል አለ ወይ? ካለ አራተኛ መስመር ልጨምር» ብለህ ጠይቀኸኛል። የዚያን ቀን በማስታወሻ ደብተሬ ጽፌዋለሁ። «እሱ ድሮ ቀርቷል» ነበር ያልኩህ። አራተኛው መስመር ቢኖር ገጹ ያንን ጤፍ ለማንም አይሸጥም ነበር። ይህን ያኔም አውቅ ነበር፤ የተሻለ ዋጋ ሲመጣ እጄ እንዳይታሰር ብዬ ነው። አንተም ጥያቄህን አልረሳኸውም። ነጋዴዎቹ ሲሰድቡህ አንዲት ቃል ተናግረህ መዳን ስትችል፣ እኔን አየት አድርገህ ዝም አልክ።

ትናንት ጋሼ ሙህዲን ሱቅ ሄጄ ነበር። አልጮኹም። ሻይ አዘዙልኝ፤ እውነቱን ተናግሬ ስጨርስ ቀዝቅዞ ነበር። ስወጣ ለሌሎቹ ነጋዴዎች «ልጁን ጥሩት» ሲሉ ሰማሁ። እኔን ግን ዳግም «ያዢልኝ» አላሉኝም።

ሰኞ ይደውሉልሃልና ስልክህን ክፈት። «በቃል የተያዘ» የሚለውን መስመር ጨምርላቸው። ሌሎቹ ሦስቱ መጋዘኖች ሳምንት ሳይሞላ ይጠቀሙበታል። በኔ መጋዘን በኩል ወራት ሙሉ ባዶ ሆኖ ብታየው ግን ኮዱን አትፈትሽ፤ ልክ ነው የሠራኸው።

እጅህ የነካውን ሁሉ አላህ ያሳምርልህ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ።

ታላቅ እህትህ